የፋሲካውን ቅቤ ማን በላው?

፦ ተረት ተረት!
፦ ይንገሩን በእውነት!

በእውነት ከሆነማ ተረት አይባልም። ቢሆንም ስሙ።

በድሮ ዘመን ደምለው የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ እናኑ ትባላለች። እናኑ በሁዳዴ ጾም ወተቱን እየናጠች ቅቤውን ለፋሲካ በማሰሮ ታጠራቅም ነበር። ደምለውን ግን አላስቻለውም። እናኑ ውሃ ስትወርድ ማሰሮውን ከፈተና በጣቱ ቀመሰ። ጣፈጠው። ሌላ ቀንም ቀመሰ። ከዚያም መቅመሱን ተወና በላ።

አንድ ጠዋት እናኑ ማሰሮውን አየችና ጮኸች።

፦ አንተ ሰውዬ! ቅቤዬን ማን በላው?

ደምለው በእጇ የያዘችውን ማማሰያ አየ። ማማሰያዋ ረጅም ናት።

፦ ድመቷ! አለ።

፦ እንግዲያ ወንዝ ውሰድና ጣላት!

ደምለው ድመቷን ስልቻ ውስጥ ከተተና ወጣ። ይወዳታል። በብርድ እግሩ ሥር የምትተኛው እሷ ናት። ወንዙ ዳር ሲደርስ የነፍስ አባቱን አባ ገብረ ሕይወትን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

፦ ምን ይዘሃል ልጄ?

፦ ሌባ ነው አባቴ። ይቺ ድመት የፋሲካውን ቅቤ ጨረሰችው።

፦ አይ ጉድ! ታዲያ ያንተን ጺም ምን አወዛው?

፦ ስንሰነባበት ስማኝ ነው።

አባ ሳቃቸውን ዋጡ።

፦ በል ጣላት። እኔም እማኝ እሆናለሁ።

ደምለው ስልቻውን ከፍ አደረገ። ድመቷ ከውስጥ «ሚያው» አለች። ስልቻውን አስቀመጠና ፈታላት።

፦ አባቴ ይፍቱኝ። የበላሁት እኔ ነኝ።

፦ ለምን ዋሸህ ታዲያ?

፦ እናኑን ፈርቼ።

፦ እግዜርንስ አልፈራህም?

፦ እግዜርማ ታጋሽ ነው አባቴ። ማማሰያም የለው።

አባ ሳቁ። ከዚያም አጠገባቸው አስቀመጡት።

፦ አዳምም እንዲሁ ነው የጀመረው። ፈራና ተደበቀ። ሲጠየቅ በሔዋን አሳበበ። ሰው ፍርሃቱን ሌላ ሰው እንዲሸከምለት ይዋሻል ልጄ። ንስሓህ ይሄ ነው፤ ሂድና ለእናኑ ንገራት።

፦ ኧረ አባቴ! ይልቅ እኔን ስልቻው ውስጥ ይክተቱኝ!

፦ ስልቻው አይበቃህም። በጾሙ ወፍረሃል።

ደምለው ድመቷን አቅፎ ቤቱ ገባ።

፦ እናኑ፣ ቅቤውን የበላሁት እኔ ነኝ። በይ ምቺኝ።

እናኑ ማማሰያዋን አነሳች። ግን መልሳ አስቀመጠቻት። መሬት መሬት አየች።

፦ ሁሉንም አይደለም፤ አለች። ግማሹን እኔ ነኝ።

ለካ በዚያ ቤት ሁዳዴን የጾመችው ድመቷ ብቻ ኖራለች።

በሉ፣ ተረቴን ውሰዱና ለአፌ ዳቦ ቁረሱልኝ። ቅቤውን ግን ከእኔም ደብቁ።