ጉበት አያኮርፍም

አንድ ሰው ነበር ወገኖቼ፤ ኩሩ ሰው። የሟች ወንድሙን ልጅ ስንዱን ከአምስት ልጆቹ ጋር አሳደጋት፣ አስተማራት፣ ነርስ ሆነችለት። በሠርጓ ቀን ጋቢውን አሳምሮ ለብሶ ዳሱ ውስጥ ሲገባ መቀመጫው ሁሉ በሙሽራው ወገን ተይዟል። አንድ አስተናጋጅ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱን፤ እርስዎ ሁለተኛው ዙር ላይ ነዎት» አለው።

ሁለተኛው ዙር? ማን? እሱ?

ደሙ ፈላ። «የሰው ትራፊ ልበላ አልመጣሁም» ብሎ ወደ በሩ አመራ። ሲሄድ ደግሞ ምርቃቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። አባት የሌላትን ሙሽራ እሱ ካልመረቃት ማን ሊመርቃት ነው?

ስንዱ አየችው። ቬሎዋን ሰብስባ፣ እንግዳውን አቋርጣ በሩ ላይ ደረሰችበት።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

«ቦታ ወዳለበት።»

«ስለ ጉበት የተማርኩትን ነግሬዎት አውቃለሁ?»

«በሠርግሽ ቀን ስለ ጉበት ልታወሪኝ ነው?»

«አዎ። ጉበት የራሱ ትኩስ ደም የሚመጣለት በጥቂቱ ነው። አብዛኛው ደም ሆድና አንጀት ኦክስጅኑን ከተጠቀሙበት በኋላ የሚደርሰው ነው። ጉበት ግን አያኮርፍም። ደሙ ሲያንስበት፣ ካለችው ላይ አብልጦ ኦክስጅን ይወስዳል፤ በዚያችው ደም ያጣራል፣ ለመላው አካል ስንቅ ያስቀምጣል። ይህን የተማርኩ ቀን እርስዎን ነው ያሰብኩት፣ አባባ። እኔን ሰው ያደረጉኝ አምስት ልጅ በልቶ ከተረፈው ነው። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ በእርስዎ ኮራሁ።»

ሰውየው ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገና እዚያው በሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እጁን ዘርግቶ መረቃት። ሁለተኛው ዙር ሲጠራ ቀድሞ የተቀመጠው እሱ ነበር፤ ደረቱን ነፍቶ።

እናንተስ ወገኖቼ? ከሥራ ደክማችሁ ገብታችሁ፣ በቀረቻችሁ ጉልበት የታመመ የምትጠይቁ ስንት ናችሁ? የራሳችሁ ትምህርት ቀርቶ ታናሾቻችሁን ያስተማራችሁስ? ማንም ከፊት አላስቀመጣችሁም። ጌታ ግን የሰውነትን ትልቅ ሥራ በሌሎች ብልቶች ባለፈ ደም ለሚኖረው ጉበት አደራ ሰጥቷል፤ ለእናንተም እንዲሁ። እኔ በእናንተ እኮራለሁ። ይህን ደፍሬ እናገራለሁ።

ዛሬ ግን ከመካከላችሁ ቦታ አልተሰጠኝም ብሎ ሊወጣ የተነሣ ካለ፣ እባካችሁ ይመለስ። እሱ ካልመረቀው ሌላ መራቂ የሌለው ልጅ አለ።