ከነፕላስቲኩ

አንድ የደን መምህር ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ የሻረግ፤ «ልጄን ትማር ብዬ ብልካት ለምን አካፋ አሸክመው ጋራ ያወጧታል? ገደል ብትገባብኝስ?» ነው ያልሽኝ። መልሱ እሱ ዘንድ ነው፤ ስሚኝ።

ከሰውዬው ጋር አጥር ለአጥር ነበርን። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው በየጥቁር ፕላስቲኩ አፈር ሞልቶ ጓሮው የሚያፈላው ችግኝ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ዳስ ይጥልለታል። ሲያወራውም በአጥሩ ቀዳዳ ሰምቻለሁ። ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ጋራ ራቁቱን ቀርቶ በየክረምቱ ይናድ ነበርና፣ ያንን ለብሶ ሳያይ መሞት አይፈልግም።

ተማሪዎቹን ይወዳል፤ ክፉ አልነበረም። ግን ጋራ ሲያወጣቸው፣ «ወደ ኋላ በሉ! ሥሩን ትሰብሩብኛላችሁ!» ነው። እነሱ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ችግኝ ይሸከማሉ፤ መትከሉ የሱ ብቻ። በዚያ ሰፊ ጀርባው ከልሎ፣ ጎንበስ ብሎ ይተክላል።

አንድ ክረምት ታመመና አልጋ ያዘ። ልጆቹ «ጋሼ ሳያዩት እንዳይሞቱብን» ተባብለው፣ የጓሮውን ችግኝ ሁሉ አውጥተው ጋራውን ሞሉት። አረንጓዴ ሆነ። እኛ እልል አልን፤ እሱም በመስኮት እያየ አለቀሰ። ዝናቡ ሲያባራ ጋራው ቢጫ ሆነ። ኅዳር ላይ ጭራሮ።

«አውጡኝ» አለ። በቃሬዛ አወጡት፤ እኔም ተከተልኩ፣ እኔ የማልገኝበት የት አለ? አንዱን ችግኝ ሳብ ቢያደርገው ብድግ ብሎ መጣለት። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ መውጫ አጥቶ፣ በራሱ ላይ ተጠምጥሞ ደርቋል።

«ከነፕላስቲኩ ትከሉ ያላችሁ ማን ነው?»

አንዲት ልጅ፣ «ጋሼ፣ ይቀደዳል እንዴ?» አለች። «እርስዎ ሲተክሉ ጀርባዎን እንጂ እጅዎን አይተን አናውቅም።»

እሱ እቴ፣ ይኼም ይነገራል ብሎ አስቦ አያውቅም። ጓሮው ተረስታ የቀረች አንዲት ችግኝ አስመጣ። ፕላስቲኳን ሊቀድ ቢል ጣቱ እምቢ አለው። ያን ጊዜ ለልጅቷ ሰጣት። ብትቀደው አፈሩ ፈረሰ፣ ሥሩ ተበጠሰ፤ ልጅቷ እሪ አለች።

«አይዞሽ» አላት፤ «እኔም ስንቱን ሰብሬ ነው የለመድኩት።»

አቀዳደዱን ነገራት። ሌላ ችግኝ ግን አልነበረም። ክረምቱ ሳይመለስ ሰውዬውን ቀበርነው፤ ያንን ራቁት ጋራ ፊት ለፊት እያየን።

ይኸውልሽ፣ የሻረግ። ልጆቹን የከለከላቸው ጠልቶ አይደለም፤ ችግኙን ወዶ ነው። አንቺም ልጅሽን ጋራ አትውጣ የምትዪው ወደሻት ነው፣ አውቃለሁ። ፕላስቲኩም እኮ ችግኙን አቅፎ ያሳደገው እሱ ነው። መሬት ሲደርስ ካልቀደዱት ግን ያው እሱ ይገድለዋል። ልጅሽ መሬት ደርሳለች። ቅደጂላት፣ እጅሽ እምቢ ሳይልሽ።