የዳኛው ደን

አንድ ዳኛ ነበረ። ስሙ ቢተው ይባላል። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ድንበር ሲለካ የኖረ፣ በፍርዱ የታወቀ ሰው ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ክንድ መሬት ሲጣሉ ወደ እሱ ይመጣሉ። እሱም ገመድ ይዘረጋል፣ ድንጋይ ይተክላል፣ "ከዚህ ወዲያ ያንተ፣ ከዚህ ወዲህ የሱ" ይላል። ጠቡም በዚያው ያበቃል።

የዳኛው ሚስት ስመኝ ትባላለች። ያደገችው ሩቅ ደጋ አገር፣ ጥቅጥቅ ካለ ደን አጠገብ ነው። ዳኛው ሲያገባት ዛፍ ወደሌለበት ገላጣ ሜዳ አመጣት። ለብዙ ዘመን ስለ ደኑ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ስታረጅ ግን ጉልበቷ ከቤት አላስወጣ አላት፤ ዓይኗም እየደከመ መጣ። መድኃኒት አዋቂው አይቷት፣ "ሦስት ክረምት ያህል ታያለሽ። ከዚያ በኋላ ብርሃንና ጨለማን መለየት ብቻ ነው" አላት።

በዚያ ቀን ዳኛው እህል አልቀመሰም። እሷ ግን ሳቅ ብላ፣ "ሦስት ክረምት ቀላል ነው እንዴ? ያንተን ፊት እንደሆነ ጠግቤዋለሁ። ያደግሁበትን ደን አንዴ ብቻ ባየው ሌላ ምንም አልሻም" አለችው።

ደኑ የአሥር ቀን መንገድ ነው። በቃሬዛ እንኳ የምትደርስበት አይደለም። ዳኛው ሲጨነቅ ሰንብቶ አንድ ነገር ትዝ አለው። ድንበር ሊለካ ገደላ ገደሉን ሲዞር፣ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ጽድ አይቶ ያውቃል። ሥሩ መስፋፊያ ስላጣ፣ ዕድሜው የትየለሌ ሆኖ ቁመቱ ከክንድ አይበልጥም። ግንዱና ቅርንጫፉ ግን የትልቅ ዛፍ ነው። "ዛፍ እንዲህ ማነስ ከቻለ ደንም ማነስ ይችላል። እሷ ወደ ደኑ መሄድ ካቃታት፣ ደኑ ወደ እሷ ይምጣ" ብሎ አሰበ።

ወደዚያው ገደል ወጥቶ ዘጠኝ ለጋ ችግኝ ሰበሰበ፤ አምስት ጽድ፣ ሦስት ወይራና አንዲት ዝግባ። ዝግባዋ ከሁሉም ያነሰች፣ ቅጠሏም የገረጣ ነበረች። ከዚያ ሸክላ ሠሪዋ አንጓች ዘንድ ሄደ።

"ሰፊና ጠፍጣፋ የሸክላ ሳህን ሥሪልኝ" አላት። "ከሥሩ ውኃ የሚያወጣ ቀዳዳ ይኑረው። ውስጡን ደግሞ በግድግዳ ከፋፍለሽ ዘጠኝ ቤት አውጪለት።"

"ዘጠኝ ቤት? የቅመም ማስቀመጫ ነው የፈለጉት ጌታዬ?"

"ደን ልተክልበት ነው።"

"አይ ጌታዬ! እኔ እኮ በርበሬው እዚህ፣ ኮረሪማው እዚያ እያልኩ ነበር።"

"አትሳቂ። ግድግዳ ከሌለ ጉልበተኛው ሥር የደካማውን ውኃ ይጠጣበታል። እኔ ያረጀሁት ይህንን ሳይ ነው።"

አንጓች ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "እንዳሉ" ብላ ሠራችለት።

ዳኛው የችግኞቹን ሥር ከረከመ፣ ጫፋቸውን ቀነጠበ፤ እያንዳንዱንም በየቤቱ ተከለ። አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ ቁመታቸውን እኩል አደረገ። ውኃም በስኒ እየለካ ለሁሉም እኩል ሰጠ። ሲጨርስ ሚስቱ ከምትቀመጥበት መስኮት ሥር፣ መደቡ ላይ አስቀመጠውና ፍርድ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ፊት ፊቷን ያያት ጀመር።

ስመኝ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። "ያምራል" አለች። "ግን ቢተው፣ እኔ ደን አልኩህ እንጂ መንደር አልኩህ? እነዚህ እኮ የተኳረፉ ጎረቤቶች ናቸው።"

"ገና ነው፤ ሲያድጉ ደን ይሆናሉ" አላት።

አልሆኑም። አንድ ስኒ ውኃ ለወይራዎቹ በዛባቸው፤ ለዝግባዋ ግን አነሳት። በአንዱ ቤት አፈሩ ጭቃ ሆኖ ሲውል በጎረቤቱ ቤት እንደ ዐመድ ይደርቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ በመስኮቱ የመጣ ነፋስ ከዘጠኙ ስድስቱን ጣላቸው። እያንዳንዱ የቆመው በአንድ እፍኝ አፈር ላይ ነበርና የሚይዘው አላገኘም። ከሦስቱ ክረምት አንዱ እንዲህ ሆኖ አለፈ።

ዳኛው የወደቁትን እያቃና፣ "ግድግዳውን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ" ሲል ሚስቱ ሰማችው።

"አፍርሰው" አለችው።

"ምኑን?"

"ግድግዳውን ነዋ!"

"ይበላላሉ ስመኝ! አንቺ አታውቂም። አርባ ዓመት የጎረቤት ነገር አይቻለሁ። ድንበር ከሌለ ጉልበተኛው ደካማውን ሳይውጠው አያድርም። መጀመሪያ የምትሞተው ዝግባዋ ናት።"

"አርባ ዓመት ያየኸው የተጣላውን ነው" አለችው ስመኝ። "ያልተጣላው አንተ ዘንድ ምን ሊያደርግ ይመጣል? እሳት ሲጫጫሩ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ሲያሳድግ የኖሩ ጎረቤታሞች አንድ ቀን ደጅህን ረግጠው ያውቃሉ?"

ዳኛው የወደቁትን ማቃናቱን ተወ። በዕድሜው በክርክር ሲረታ ይህ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ሚስቱ ግን ሦስተኛው ነው ትል ነበር።

በማግስቱ ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ ሰብሮ አወጣ። ዘጠኙንም በአንድ አፈር ላይ ተከላቸው። አተካከሉን የምትነግረው አሁን ስመኝ ናት። "ትልቁን ጽድ መሐል አታድርገው፤ ወደ ጎን ፈቀቅ አድርገው። እነዚያን ሁለቱን አስጠጋቸው፤ ደን ውስጥ ዛፍ ሰልፍ አይይዝም። ዝግባዋን ከኋላ ትከላት። ትንሽ ስለሆነች ሩቅ ያለች ትመስላለች።" ቁመታቸውንም ከዚያ ወዲያ እኩል እንዳያደርገው ከለከለችው።

ሁለተኛው ክረምት በደህና አለፈ። ነፋሱ መጣ፤ አንድም ዛፍ አልወደቀም። ዳኛው ግን ልቡ አላረፈም። በየጠዋቱ ተነሥቶ መጀመሪያ የሚያየው ዝግባዋን ነው። ሦስተኛው ክረምት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የፈራው ደረሰ። የዝግባዋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ረገፈ።

"አላልኩሽም?" አለ ዳኛው። "በሏት! ዛሬውኑ ነቅዬ ለብቻዋ እተክላታለሁ።"

በዚያን ጊዜ የስመኝ ዓይን ከአንድ ክንድ ወዲያ ያለውን አያይም ነበር። "ቢተው፣ አሁን ከነቀነቅኸው ደኑ በሙሉ ይታመማል" አለችው። "እስኪያገግም ዓይኔ አይጠብቀውም።"

"አንዷ ስትሞት ዝም ብዬ ልይ?"

"እንግዲህ ዳኛው አንተ ነህ" ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ዳኛው እያዘነ ሳህኑን ተሸክሞ ወደ ግቢ አወጣውና መሬት ላይ አስቀመጠ። ለዝግባዋ የሚሆን ትንሽ ገንቦ ሊያመጣ ወደ ጓሮ ዞረ። ያኔ ሁለት ባለጉዳዮች እየተጯጯሁ ከግቢው ገቡ። አንደኛው በገመድ ፍየል ይጎትታል።

"በሕግ አምላክ! ሽምብራዬን ጨረሰችው!" ይላል ፍየሏን የሚጎትተው።

"ተው እንጂ ወንድሜ!" ይላል የፍየሏ ባለቤት። "የኔ ፍየል ሽምብራ በአፏ አይዞርም። ጨዋ ናት! ያሳደግኋት እኔ ነኝ።"

"ጨዋ ብትሆን ካንተ ቤት ትወጣ ነበር?"

እነሱ በዚህ ሲካሰሱ ገመዱ ከሰውየው እጅ ወለቀ። ጨዋዋ ፍየል ወደ ሳህኑ ቀረብ ብላ ዝግባዋን ከጫፏ ነከሰችና ጎተተች። ዳኛው ገንቦውን እንደያዘ ከጓሮ ብቅ ቢል ይህን አየና "ኡኡ!" ብሎ ጮኸ።

ዝግባዋ ግን አልተነቀለችም። ፍየሏ የፊት እግሮቿን ተክላ በኃይል ሳበች። ያን ጊዜ ደኑ በሙሉ ከሳህኑ ተነሣ። ዘጠኙም ዛፎች ከነአፈራቸው በአንድነት ብድግ አሉ። ከሥራቸው ሲታይ፣ የአንዱ ሥር ከሌላው ሥር ተጠላልፎ እንደ ሰፌድ ተሰፍቷል። ፍየሏ ክብደቱ ሲያስደነግጣት ለቀቀችው። ደኑም እንደተነሣ ተመልሶ ሳህኑ ላይ ዘፍ አለ። አንድ ዛፍ እንኳ አልተጋደመም።

ዳኛው በጉልበቱ ተንበርክኮ ተመለከተ። የዝግባዋ ሥር ቀጭን ነው፤ የጽዱና የወይራው ሥር ግን ዙሪያውን አቅፎ ይዞታል። ቅጠሏ በረገፈበት ቅርንጫፍ ላይ የስንዴ ቅንጣት የሚያህል አረንጓዴ እምቡጥ ወጥቷል። ዝግባዋ ቅጠል እየለወጠች ነበር።

"ምንድን ነው ጩኸቱ? ማን ሞተ?" አለች ስመኝ ከቤት ሆና።

"ማንም አልሞተም" አለ ዳኛው። "ፍየል ዝግባዋን ልትነቅል ነበር። ስምንቱ አንለቅም አሏት።"

ስመኝ ከት ብላ ሳቀች። "ተከሳሽ ሆና መጥታ ምስክር ሆነቻ!"

"ምስክር ብትሆንም ሽምብራዬን በልታለች" አለ ባለ ሽምብራው፤ እሱም ግን ሳቁን መያዝ አልቻለም። ባለ ፍየሉ ዛሬ ጨዋ መሆኗን ደግሞ ለመማል አልደፈረም። "ማሳህን አብሬህ እዘራልሃለሁ" አለው። እየተሳሳቁ ወጡ።

ዳኛው ገንቦውን እዚያው ትቶ ደኑን ወደ ቤት አስገባና ስመኝ ፊት አስቀመጠው። እሷም አገጯን መደቡ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ቅጠሉን እስኪነካ አስጠጋች።

"ና፣ አንተም ጎንበስ በል" አለችው። "ከላይ ሆነህ አትየው።"

ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ከጉንጯ አጠገብ አደረገ። ከዚያ ሲታይ ግንዶቹ ወደ ላይ ረዝመዋል። የወይራዎቹ ጥላ መሬቱን ሸፍኖታል። ዝግባዋ ሩቅ መንገድ ጫፍ ላይ እንደቆመች ዛፍ ከኋላ ትታያለች።

"ስንት ዛፍ ይታይሃል?" ስትል ጠየቀችው።

ዳኛው መቁጠር ጀመረ። አምስት ላይ ሲደርስ አንዱ ከሌላው ኋላ ገባበት። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ጠፋው። አርባ ዓመት ሲለካ የኖረ ሰው አፈረና፣ "ልቆጥራቸው አልቻልኩም" አላት።

"እኔም አልቻልኩም" አለች ስመኝ ዓይኗን ከደኑ ሳትነቅል። "እንግዲያው ደርሰናል።"

ይህን ስታነቡ፣ ድንበር አያስፈልግም ተባለ ብላችሁ እንዳትይዙብኝ አደራ። ፍየል ባለበት አገር አጥር ግድ ነው፤ ሰው መሬቱን ለይቶ ማወቁም ደግ ነው። ነገር ግን ከጠብ ደጃፍ ተቀምጦ የሚውል ሰው ዓለሙ ሁሉ ጠብ ይመስለዋል። ጠብ ይጮኻልና ሁላችንም እንሰማዋለን። መደጋገፍ ግን እንደ ሥር ከአፈር በታች ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ አናየውም። ደካማውን ከጠንካራው ለይተን ለብቻው ስናቆመው ያዳንነው ይመስለናል፤ ምናልባት ግን የያዘውን እጅ አስለቅቀነው ይሆናል።

እስቲ ቆም ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። በእኛና በጎረቤታችን መካከል ያለውን ግድግዳ የሠራነው ከተጣላን በኋላ ነው ወይስ ገና ሳንጣላ፣ እንጣላለን ብለን ፈርተን?