ሰላምታውን ያልጨረሰው መልእክተኛ

አንድ መልእክተኛ ነበር። ስሙ አንካሚል ነው። አገሩ በቺሊ ደቡብ፣ ዝናብ የማይለየው ኮረብታ ላይ ነው። ወገኖቹ ማፑቼ ይባላሉ፤ በቋንቋቸው የምድር ሰዎች ማለት ነው። መልእክተኛነት በእነሱ ዘንድ እግር ያለው ሁሉ የሚላክበት ሥራ አይደለም። መልእክተኛ የመንደሩን ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ተሸክሞ የሚሄድ፣ የሰማውንም እንዲሁ ይዞ የሚመለስ ሰው ነው።

የተላከበት ጉዳይ የምንጭ ጉዳይ ነበር። በአያቶቹ ዘመን መንግሥት በጦር መጥቶ መሬቱን ወሰደና ለሌሎች ሰጠ። የተሰጣቸው ሸጡት፤ የገዛው ድርጅት ደግሞ ኮረብታውን ሁሉ ጥድና ባሕር ዛፍ ተከለበት። ባሕር ዛፍ ውኃ እንዴት እንደሚጠጣ ለእኛ አገር ሰው አይነገርም። መንደሩ የሚጠጣው ምንጭ ከዓመት ዓመት እየቀጠነ ሄደ። ስለዚህ አንካሚል ከተማ ወርዶ፣ በምንጩ ዙሪያ ያለው ዛፍ ይነሣልን፣ ምንጩም ለመንደሩ ይመለስልን ብሎ እንዲናገር ተላከ።

በማፑቼ ወግ ግን ሰው ቤት ገብቶ ጉዳይን መዘርገፍ ነውር ነው። አስቀድሞ ሰላምታ አለ፤ ሰላምታውም ረጅም ነው። እንግዳው ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ ይናገራል። የቤቱን ባለቤት እናት፣ ልጆች፣ ጎረቤትና ከብት ደኅንነት ይጠይቃል። የራሱንም ወገኖች ነገር ያወራል፤ የታመመ ካለ፣ የሞተ ካለ፣ ውኃ ከጎደለ፣ ሁሉም እዚያው ይነገራል። እኛም በሰላምታ አንታማም፤ የእነሱ ግን ከእኛም ይብሳል።

አንካሚል ከተማ ወርዶ፣ የመሬት ጉዳይ የሚያየው ሹም ፊት ቀርቦ ባርኔጣውን አወለቀና ጀመረ።

«እኔ ከምንጩ ሥር ከሚኖሩት ሰዎች የመጣሁ፣ የኩሪናኦ ልጅ ነኝ። እናትዎ ደኅና ናቸው?»

«እናቴን ከየት ታውቃታለህ?» አለ ሹሙ። «ወደ ጉዳዩ ግባ።»

«እየገባሁ ነው፣ ጌታዬ። ልጆችዎስ? ጎረቤትዎስ?»

ሹሙ ሰዓቱን አየና ቀጣዩን ባለጉዳይ አስጠራ።

አንካሚል በሌላ ቀን ተመልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ሹሙ ተለወጠ፤ አዲሱም እንደ ፊተኛው አቋረጠው። እንዲህ ደጅ ሲጠና ጠጕሩ ሸበተ። አንድም ቀን ሰላምታው ውኃው ጋ አልደረሰለትም። ሲመለስ የመንደሩ ሰዎች «ምን አሉ?» ይሉታል፤ እሱም እንደ ሰማው «ወደ ጉዳዩ ግባ አሉኝ» ይላቸዋል። መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ በኋላ መጠየቁንም ተዉት።

ምንጩ እንደ ክር ሲቀጥን የእህቱ ልጅ ኪንቱራይ ከሩቅ ወንዝ ውኃ ተሸክማ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አጎቴ፣ ሰላምታውን ይተዉት። እነሱ አይፈልጉትም። እኔም ወገቤ አለቀ።»

«ሰላምታ የሌለው መልእክት የማን መልእክት ይባላል?» አላት።

«የማንም ይባል። ውኃው ይምጣ እንጂ።»

እውነቷን ነው። አንካሚልም ደክሞት ነበር፤ የደከመ ሰው ክርክር አይወድም። በማግስቱ ከተማ ወርዶ፣ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ምንጫችን እየደረቀ ነው፤ ዛፉ ይነሣልን» አለ። ሲናገረው አፉ ውስጥ የሌላ ሰው ምላስ ያለ መሰለው።

ሹሙ ደስ አለው። «እንዲህ ነው እንጂ» አለ። «ለመሆኑ አንተ ለምንጩ ምኑ ነህ?»

አንካሚል ለምንጩ ምኑ እንደሆነ የሚናገረው ሰላምታው ነበራ። አያቱ ምንጩ ዳር መወለዷ፣ ቅድመ አያቱ ከወታደር ሸሽቶ ሲመለስ አስቀድሞ ምንጩን ፈልጎ ማግኘቱ፣ ቤቱንም እዚያው መሥራቱ፣ ሁሉም ያለው እዚያ ውስጥ ነበር። «አያቴ…» ብሎ ቢጀምር፣ ሹሙ «ታሪክ አልጠየቅሁህም» ብሎ ዘጋው። ውሳኔውም አጭር ነበር፤ አመልካቹ ከምንጩ ጋር ያለው ግንኙነት አልታወቀም፣ ጉዳዩ ተዘግቷል።

ይህንንም ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለመንደሩ ማድረስ ነበረበት፤ አደረሰ። ኪንቱራይ አለቀሰች። እሱ ግን ለማልቀስም አቅም አልነበረውም። በዚያ በጋ ምንጩ ጭራሹን ደረቀ፤ ውኃ በመኪና ይመጣላቸው ጀመር፣ የመጣ ቀን ማለቴ ነው።

ክረምት ሲገባ ሽማግሌዎቹ እንደገና ላኩት። እንቢ ለማለትም ጉልበት ስላጣ ሄደ። በዶፍ ዝናብ የከተማው መብራት ጠፍቷል፤ ባለጉዳይ የለም፤ አዲሱ ሹም ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አንካሚል ሰላምታውን ከመጀመሪያው ጀመረ። የሚያቋርጠው ጠፋ። ስለ አባቱ፣ ስለ አያቱ፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ ምንጩ፣ ስለ ኪንቱራይ ወገብ ተናግሮ ጨረሰ። ሹሙ ያዳመጠው ደግ ስለሆነ ነው ብዬ አልዋሽም፤ መብራት ስለጠፋ ነው።

ቢሆንም ሹሙ ደነገጠ። «አባት፣ ይህ እኮ ከባድ ጉዳይ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ምነው ሳይናገሩ ቆዩ?»

አንካሚል ትክ ብሎ አየው። «ስናገር ነው የኖርኩት፣ ልጄ። ለእናንተ ሰላምታ መስሏችሁ ነው። አሁንማ ምንጩ ደርቋል።»

ወዳጆቼ፣ የተበደለ ሰው በእኛ ልክ አይናገርም፤ የሚናገረው በራሱ ወግ ነው። ወጉን ጥለህ ና ስንለው፣ ማንነቱንና መብቱን ደጅ አስቀምጠህ ግባ ማለታችን ነው። ከዚያ ባዶውን ሲቆምልን፣ ማን ነህ ብለን እንጠይቀዋለን። መስማት ማለት ሰው እስኪጨርስ መታገሥ ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢሰሙት ደግሞ የደረቀውን አይመልስም። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ በቅርቡ «ባጭሩ ንገረኝ» ያልነው ሰው፣ ባናቋርጠው ኖሮ ምን ሊለን ነበር?