ከአሸዋው የወጣው ውሃ

«አንድ አሸዋ ነጋዴ ነበረ» አሉ ሼህ ሙሄ፣ ዘምዘም ጥያቄዋን ጨርሳ መልስ ስትጠብቅ።

የጠየቀቻቸው ስለ ታናሽ እህቷ ነበር። እህቷ ወንድ ልጇን ቀብራ፣ ብታለቅስ ብታለቅስ ሐዘኑ አልወጣላት አለ። ዘምዘም አስተዛዛኞቹን አሰናበተች፤ «ይህ በአላህ ውሳኔ ማማረር ነው» ብላም ለቅሶውን አስቆመቻት። እንባው ቆመ። አሁን ግን እህቷ የተረፈቻትን ትንሽ ሴት ልጅ በሆነ ባልሆነው ትደበድባለች። «ሼህዬ፣ ምን ነክቷት ነው?» ነበር ጥያቄዋ።

«ነጋዴው አሸዋ ከወንዝ እያወጣ፣ አጥቦ ይሸጥ ነበር» ሲሉ ሼሁ ቀጠሉ። «የታጠበ አሸዋ ውሃውን ቶሎ አይለቅም። ክምሩ እያንጠባጠበ ይሰነብታል፤ የሚንጠባጠበውንም መሬቱ ቀስ እያለ ይጠጣዋል። ገዢ ግን እርጥብ አሸዋ መጫን አይወድም፣ ይከብደዋል። ነጋዴው መጠበቅ አንገሸገሸው። አንድ ቀን ከከተማ መድኃኒት አመጣ፤ በጀሪካን የሚሸጥ፣ እንደ ሳሙና የሚያሙለጨልጭ። ከማጠቢያው ውሃ ጋር ሲቀላቅለው አሸዋው ውሃ መያዝ አቃተው። ረፋድ ላይ የታጠበው ከሰዓት ተጫነ። ሰውየው ደስታውን አልቻለውም።

«ውሃው በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ግን መሬቱ ሊጠጣው አልቻለም። ቦይ ቀዶ ቁልቁል ወረደ። ከታች ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ሽንኩርት ተክላ ነበር፤ ጓሮዋም ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ነበራት። ሽንኩርቱ ቢጫ ሆነ፤ ጉድጓዱ አረፋ ደፈቀ። ሴትየዋ ወጥታ ለመነችው።

«‹ጎረቤቴ፣ እዚያው ቆፍረህ ውሃውን አቁረው፤ ቁፋሮውን እኔም አግዝሃለሁ።›

«‹መድኃኒት የገዛሁት ውሃ ላስታምም ነው እንዴ? አሸዋዬ ደርቆልኛል› አላት።

«ሴትየዋ ወርዳ ከጉድጓዷ በጣሳ ቀዳች። ተመልሳም ‹እንግዲያው ጠጣ› አለችው። ጣሳውን ተቀበለ፣ አሸተተው፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ደፋው። በሳምንቱ የጣራዋን ቆርቆሮ ነቅላ፣ ልጆቿን አስከትላ፣ ከአገሩ ወጣች።»

«ነጋዴውስ ምን አገኘው?» አለች ዘምዘም።

«ምንም አላገኘውም። አሸዋው ጥሩ አሸዋ ነበር፤ የተሠሩበት ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። አላፊ አግዳሚው የሚያየው ደረቅ ክምር ነው፤ ከታች ማን እንደነበረ የሚጠይቅ የለም።»

ሼሁ ወደ እሷ ዞሩ።

«ዘምዘም፣ መድኃኒቱ ውሃውን ከአሸዋው አስወጣው እንጂ አላጠፋውም። አንቺም ያደረግሽው ይህንኑ ነው። የእህትሽ ሐዘን ቀስ እያለ ሊወጣ፣ ጎረቤቱም ትንሽ ትንሽ ሊካፈለው ነበር። አስተዛዛኙን በትነሽ እንባዋን አደረቅሽ፤ ዓይኗ ደረቀ ብለሽም ተደሰትሽ። አሁን እሷን ምን ነካት ትይኛለሽ። እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ከታች ያለችው ያቺ ትንሽ ልጅ ናት። ሂጂና ጀርባዋን እዪ።»