የዘይቱን ጭማቂና የአህያዋ ዳገት

አንድ ጊዜ ውርንጭላዋን ዳገት አናት ላይ እህቷ ዘንድ እያስጠበቀች፣ ቀን ቀን ወንዝ ዳር ዘይቱን ስትበላ የምትውል አህያ ነበረች። አመሻሽ ላይ ወጥታ ታጠባዋለች። ዳገቱ መሃል ጅብ አለ፤ እሷ ግን ሆዷ ሙሉ ነውና ሁልጊዜ ታመልጠዋለች።

ይሄ ነገር የጅብን አንጀት አሳረረው። ቀበሮ ዘንድ ሄዶ «ይችን አህያ አድክምልኝ፤ ጉበቷ ያንተ ነው» አለው። ቀበሮስ ምን ሊል ነው? እሺ አለ።

በማግስቱ ቅል ይዞ ከች።

«እመት አህያ፣ በዚህ ዕድሜሽ መንጋጋሽን ምን ታደክሚዋለሽ? እኔ ልጭመቅልሽ፣ አንቺ ጠጪ። ልጣጩና ሥጋው ለልፋቴ ይሁነኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች የዋኋ።

የሃያ ዘይቱን ጭማቂ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠች። መቼም ሲጣፍጥ! ዳገቱንም በሩጫ ጀመረችው። እኩሌታው ላይ ግን ሆዷ ባዶ ሆኖ ይጮህ ጀመር፣ ጉልበቷም ተብረከረከ። ጅብ ዘሎ ጅራቷን ያዘ። አገጩን በርግጫ ብላው እንደምንም አመለጠች። ውርንጭላዋን እያሸተተች አለቀሰች።

«እኔ ከተበላሁ ይሄን ማን ያሳድገዋል?» አለች። ቆይታም አሰበች፤ ዘይቱኑን የጠጣችው እሷ፣ ጠግቦ ሲያገሳ የነበረው ቀበሮ።

በማግስቱ ቀበሮ ገና በጠዋቱ ጨምቆ፣ የተረፈውን በልቶ፣ ቅሉን ሞልቶ ጠበቃት።

«አልፈልግም» አለችው።

«ትንሽ ብቻ፣ እመት።»

«አልፈልግም አልኩህ። ከነልጣጩ ከነዘሩ፣ በገዛ ጥርሴ ነው የምበላው።»

መንጋጋዋ እስኪዝል አኘከች። ዛለ ብላም አላቆመችም። ቀበሮ ጭማቂውን ወስዶ «እሷ እስክትመጣ ይሄን ጠጣ» ብሎ ለጅብ ሰጠው።

አመሻሽ ላይ አህያዋ አንድም ቦታ ሳታርፍ ዳገቱን ተያያዘችው። ጅብ ተከተላት፤ ግን ጭማቂው ከሆዱ ከጠፋ ቆይቷል፣ ትንፋሽ አጥሮት ቀረ። እሷ አናቱ ላይ ደርሳ ዞር ስትል ጅብ ጉበቷን ሊቀበል ሲጠብቅ የነበረውን ቀበሮ ማጅራቱን ይዞታል።

«ያ ውሃህ ሆዴን አልያዘልኝም። የፍሬው ሥጋ የት አለ?»

«እኔ... እኔ በላሁት፣ አያ ጅቦ።»

«እንግዲያው አንተ ውስጥ ነዋ» አለ ጅብ፣ አፉን እየከፈተ።

አህያዋ ፊቷን አዙራ ልጇን ልታጠባ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ ጭማቂ ምላስን ቢያስደስትም ሆድ የሚይዘውና ጉልበት የሚሆነው ታግሠን አኝከን የምንበላው ሙሉ ፍሬ መሆኑን ነው።