የዝንጀሮ ቆዳ ያየው ውሻ

አንድ ሰው ነበረ። ማሳው ገደል አፋፍ ላይ ስለነበር በቆሎው እሸት በያዘ ቁጥር ዝንጀሮ እየወጣ ይጨርስበታል። የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ያችው በቆሎ ናት፤ ሌላ መሬት የለውም። ስለዚህ አንድ ቡችላ አመጣና የሞተ ዝንጀሮ ቆዳ በእንጨት ሰቅሎ ፊቱ ያወዛውዝለት ጀመር። ቆዳ አይነክስም፤ ቡችላው ግን ጠላቱን ለይቶ አወቀ። ካደገ በኋላ ዝንጀሮ ማሳው ድርሽ አላለም።

አንድ ቀን ማለዳ ከርከሮ መጣ። ውሻው ከርከሮ አይቶ አያውቅም። ነገር ግን ዝንጀሮ ሲጠብቅ ነቅቶ ነበርና ጮኾ አዋከበው፤ ገበሬውም ደርሶ አባረረው። ሰውዬው ደስታውን አልቻለውም። በየሄደበት ስለ ውሻው ማውራት ሆነ ሥራው።

ጎረቤቱ፣ «እኔ የገደልኩት ከርከሮ ቆዳ አለ፤ ውሰድና ይህንንም አሳየው» አለው።

«ምን በወጣኝ! ያንን ርኩስ በደጄ አላሳልፍም። ደግሞስ የኔ ውሻ ሳያስተምሩትም ያውቃል» አለና ሄደ።

ወራት አለፉ። ውሻው ዝንጀሮን ባይረሳም ያ ሁሉ ንቃቱ ቀነሰ። ከርከሮው ተመልሶ ሲመጣ አንዴ ቀና ብሎ አየውና መልሶ ተኛ። ገበሬው ሲደርስ የማሳው እኩሌታ ተገለባብጧል። በንዴት ዱላውን አነሳ፤ ግን ውሻው ምን አጠፋ? ዱላውን ጣለና ጎረቤቱ ዘንድ ሄደ። ቆዳውን በረጅም እንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ፣ ፊቱን እያዞረ ሲመጣ ሚስቱ በሳቅ ፈረሰች። ውሻው ግን ቆዳውን እያየ ከርከሮንም ለየ፤ የቀረችው በቆሎ ተረፈች፤ በቀጣዩ ዓመትም ጎተራቸው ሞላ።

ትርንጎ ልጄ፣ «ልጄ የኩፍኝ ክትባት ከወሰደ ወዲህ ጉንፋን እንኳ አልያዘውም፤ ክትባቱ ከሌላውም ቫይረስ ያድነዋል ወይ? የቀረውንስ ልተወው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ውሻው የልጅሽ ሰውነት ነው፤ ቆዳው ክትባቱ። አንዳንዱ ክትባት ሰውነትን አነቃቅቶ ላልታሰበለትም በሽታ ለጊዜው ይረዳ ይሆናል፤ ሐኪሞቹም ገና እያጠኑት ነው። ከረዳ እሰየው፣ ደስ ይበልሽ። ግን አትተማመኚበት። ቀረ ያልሽው የፖሊዮው ነው፤ ፖሊዮም እንደ ከርከሮው የራሱን ይፈልጋል። በይ ልጁን አዝለሽ ተነሺ፤ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ ትደርሻለሽ።